መጀመሪያ ራውተሩን ከቡፌው አውጡት

ታናሽ እህቴ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበራት። በቪዲዮ። ሥራው ከቤት ሆኖ የሚሠራ ነው፤ ደመወዙም እኛ ሰፈር ከለመድነው በእጥፍ ይበልጣል። ችግሩ ያን ቀን ሳሎን እንግዳ ነበር። ቡና ተፈልቷል፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ ጨዋታው ደርቷል። ስለዚህ ላፕቶፗን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደችና ሰርቪስ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

ሰባት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ ምስሉ ቆመ። ድምፁ ተቆራረጠ። ላፕቶፑን ተሸክማ ግቢው መሐል ስትወጣ ይመለሳል፤ ስትገባ ይጠፋል። አራት ጊዜ ወጥታ አራት ጊዜ ገባች። በመጨረሻ ጠያቂዎቹ በትሕትና “በኢሜይል እናሳውቅሻለን” አሏት። አሳወቋት፤ አልተቀጠረችም። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን አልቀጥራትም ነበር። ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሰው ቤቱ ኢንተርኔት ከሌለው ምን ዋጋ አለው?

እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? ደወልኩ። የኢንተርኔት አቅራቢያችንን (ስሙን አልጠራም፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል) አንድ ሳምንት ሙሉ አላስተኛሁትም። “መስመሩ ላይ ችግር አይታየንም” አሉኝ። “እና ችግሩ እኔ ላይ ነው?” ብዬ ጮኽኩባቸው። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ ቡና ላይም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ቴሌግራም ላይም “እነዚህ ሰዎች የእህቴን ሥራ አሳጧት” እያልኩ ኖርኩ።

ለፋሲካ ኔትወርክ በመዘርጋት የሚተዳደር ጓደኛዬ ቤት መጣ። በልቶ፣ ጠጥቶ፣ የኔን ምሬት እስከ መጨረሻው ከሰማ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ “ራውተራችሁ የት ነው?”

እማዬ ተነስታ የቡፌውን መስታወት ከፈተችለት። ራውተሩ ከሲኒዎቹ ጀርባ፣ በትልቁ የብረት ትሪና በቴሌቪዥኑ መካከል፣ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። “አቧራ እንዳይገባው ብዬ እኮ ነው” አለች። ጓደኛዬ ሳቁን ዋጥ አድርጎ “ማዘር፣ ይሄ ልጅ ታፍኗል” አላት።

ከዚያ ስልኬን ተቀብሎ መለካት ጀመረ። የምንከፍለው ለ10 ሜጋ ነው። ራውተሩ አጠገብ ቆሞ ሲለካ ዘጠኝ ተኩል አካባቢ መጣ። መኝታ ቤት አራት። ሰርቪስ ክፍል ውስጥ አንድ እንኳ አልሞላም፤ እሱም እየበራ እየጠፋ። አቅራቢው የሸጠልንን ነገር እስከ ቡፌያችን ድረስ አድርሶ ነበር። ከቡፌው እስከ ሰርቪስ ክፍሉ ያለውን ያበላሸነው እኛው ነን። ስም የማልጠራው ለዚህ ነው።

ሁለቱን ነገር እንለይ

“ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው” ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እያደባለቅን ነው። አንደኛው ከአቅራቢው እስከ ራውተራችን የሚመጣው መስመር ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ እጃችን ስልክ ድረስ ያለው አየር ነው። የመጀመሪያው የአቅራቢው ኃላፊነት ነው፤ ሁለተኛው የኛ። ብዙዎቻችን ግን ሁለተኛው ሲበላሽ የመጀመሪያውን እንቀይራለን። ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው እንሄዳለን፣ ከ10 ወደ 20 ሜጋ እናሳድጋለን፣ አዲሱንም ራውተር ያው ቡፌ ውስጥ እንከተዋለን። ከዚያ “ሁሉም ያው ናቸው” እንላለን።

የኔ አቋም ይሄ ነው፤ ፍጥነት ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁን እወቁ። አቅራቢ ስትመርጡ ደግሞ ከማስታወቂያ ይልቅ ጎረቤት ስሙ።

ጎረቤት ከማስታወቂያ ይበልጣል

ብዙ ዓመት “የቱን ልምረጥ?” የሚል ጥያቄ አልነበረንም። በመስከረም 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ግን ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ በር ተከፈተ። አሁን ጥያቄው አለን። ችግሩ ጥያቄውን የምንጠይቀው በተሳሳተ መንገድ ነው። “የቱ ይሻላል?” ብሎ ነገር የለም። “እኛ ቤት የቱ ይሻላል?” ነው መባል ያለበት።

ምክንያቱም መስመሩ ራሱ ይለያያል። የመዳብ የስልክ ሽቦ ከሆነ፣ ቤታችሁ ከማከፋፈያው በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል፤ መገጣጠሚያው ላይ ውሃ ከገባ ደግሞ ክረምት ላይ ይረብሻል። ፋይበር ከሆነ መረጃው በመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን ነው የሚሄደው፤ ርቀቱና ዝናቡ እንደ መዳቡ አይጎዱትም። ሰፈራችሁ ፋይበር ከገባና አቅም ከፈቀደ፣ ብዙ አታስቡ፣ እሱን ያዙ።

ሦስተኛው ሲም የሚገባበት የ4ጂ ወይም የ5ጂ ራውተር ነው። ለተከራይ ይሄ ጥሩ ነው፤ አከራይ “ቤቱን ልጄ ሊገባበት ነው” ሲላችሁ ነቅላችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ግን ማማውን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋር ነው የምትጋሩት። ቀን ላይ የበረረው ማታ ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቶ ቲክቶክ ሲከፍት ሊያነክስ ይችላል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ እዚያው መንገድ ላይ፣ ከተቻለ እዚያው ብሎክ ላይ ያለ ጎረቤት ቤት ሄዳችሁ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለኩ። ሌላ ክፍለ ከተማ ያለ ጓደኛ “እኛ ጋ ይበራል” ቢላችሁ ለእናንተ ምንም ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ የምታስቡት የሲም ራውተር ከሆነ፣ የዚያን ድርጅት ሲም ያለው ስልክ ተውሳችሁ ራውተሩ የሚቀመጥበት መስኮት አጠገብ ሞክሩት። ቀን ሞክሩ፣ ማታ ሞክሩ። በጥቂት ብር የዳታ ጥቅል ታላቅ ጸጸት ታተርፋላችሁ።

ስለ “ሜጋ”ም ትንሽ ልበል፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የሚሸጥልን በሜጋ ቢት ነው፤ ስልካችን ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየን ግን ብዙ ጊዜ በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ 10 ሜጋ ቢት ማለት በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ነው። አንድ ጊጋ ባይት የሚሆን ፊልም በዚህ ፍጥነት ለማውረድ ቢያንስ 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል። “10 ሜጋ ገዝቼ 1.2 ብቻ ይመጣልኛል፣ ዘረፉኝ” የምትሉ ልጆች፣ አልዘረፏችሁም።

ስንት ሜጋ ይበቃል? ኔትፍሊክስ ለጥራት ባለው 1080 ምስል 5 ሜጋ ቢት ነው የሚመክረው። ዙም ላይ የሁለት ሰው ጥሩ የቪዲዮ ውይይት ወደ 1.2 ሜጋ ቢት ይፈልጋል፤ ግን ልብ በሉ፣ ወደ እናንተ ሲመጣም ከእናንተ ሲወጣም ነው። እህቴ ከጠያቂዎቹ ፊት የጠፋችው የሚወጣው መንገድ ስለተዘጋ ነው። ሁላችንም የምናወርድበትን ፍጥነት እናያለን፤ የምንልክበትን ማንም አይጠይቅም። እናንተ ጠይቁ።

ሻጩ ፊት ስትቀመጡ እነዚህንም አትርሱ። ገደብ አለው ወይስ የለውም? “ያልተገደበ” ከተባለስ፣ የሆነ መጠን ካለፍኩ በኋላ ፍጥነቱን ትቀንሱብኛላችሁ? ራውተሩ የኔ ነው ወይስ የናንተ? ሲበላሽ ማን ይቀይራል? ቤት ስቀይር መስመሩ ይከተለኛል? መልሱ በቃል ብቻ ከሆነ ውሉ ላይ የት እንዳለ አሳዩኝ በሉ። ይሄ ጭቅጭቅ አይደለም፤ መብት ነው።

አሁን ወደ ቤት

ጓደኛዬ መጀመሪያ ዳንቴሉን አነሳ። ለፍትሕ ሲባል ዳንቴል ሲግናል አይከለክልም፤ ራውተሩን ግን ሙቀት ያስበላዋል። ሲግናሉን የያዘብን ትሪው፣ ቴሌቪዥኑና ግድግዳው ነበር። ብረት የዋይፋይ ሞገድን ይመልሰዋል፤ ውሃ ይውጠዋል፤ ብሎኬትና ኮንክሪት ያዳክሙታል። የኛ ግቢ ደግሞ ሁሉንም አሟልቷል። ትልቁ ቤት ብሎኬት፣ ሰርቪሱ በቆርቆሮ የተለበጠ፣ በሁለቱ መካከል ውሃ የሞላ ሮቶ። ኢንተርኔቱ እዚያ መድረሱን ትቶ መንገድ መጀመሩ ይገርማል።

ራውተሩን ከቡፌው አውጥተን ወደ ኮሪደሩ፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ሰቀልነው። ቤቱ መሐል፣ ከፍ ብሎ፣ ፊቱ ምንም ሳይከልለው። መኝታ ቤት አራት የነበረው ከስምንት አለፈ። አንድ ብር አልወጣም። እዚያች ደቂቃ ላይ ስድስት ወር የጮኽኩባቸው የደንበኛ አገልግሎት ልጆች ትዝ አሉኝ። አፍሬያለሁ።

ቀጥሎ ያለው የባንድ ነገር ነው። ብዙዎቹ ራውተሮች በሁለት ሞገድ ይሠራሉ፤ 2.4 ጊጋኸርዝ እና 5 ጊጋኸርዝ። 2.4 ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይሻገራል፤ ግን ይዘገያል፣ ማይክሮዌቭም ብሉቱዝም ይረብሹታል። 5 ፈጣን ነው፤ ግን ሁለት ግድግዳ ካለፈ ይደክማል። ራውተሩ ያለበት ክፍል ወይም ጎኑ ያለው ክፍል ከሆናችሁ 5ን ያዙ፤ ራቅ ካላችሁ 2.4ን። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ዋይፋይ ስትፈልጉ የጎረቤት ስም ሃያ ቦታ ተደርድሮ ይመጣል አይደል? ሁላችሁም በአንድ ጠባብ መንገድ ነው የምትጋፉት። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። የራውተራችሁ ገጽ ላይ ግቡና ከሦስቱ ሰው ያልበዛበትን ምረጡ።

ሰርቪሱ ጋስ?

ኮሪደሩ ላይ ቢሰቀልም ሰርቪስ ክፍሉ አልዳነም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሪፒተር ይገዛል። መጥፎ አይደለም፣ ግን ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ሪፒተርን ሲግናል በሌለበት ክፍል ውስጥ አትሰኩት፤ የሚደግመው ነገር ከሌለው ምን ይደግማል? ቦታው መሐል መንገድ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ርካሾቹ በአንድ ሞገድ እየተቀበሉ በዚያው ስለሚልኩ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያወርዱታል። ሜሽ የሚባሉት የተሻሉ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ለሁሉም ኪስ አይሆንም።

እኛ የመረጥነው የድሮውን መንገድ ነው፤ ሽቦ። ካት 6 የሚባለው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነት ሳይጥል ይሄዳል። ለኛ 25 ሜትር በቃን። ዝናብና ፀሐይ እንዳይበላው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፈን በግቢው አጥር ሥር ወሰድነው። ሰርቪሱ ውስጥ ጫፉ ላይ ምን ሰካን? ሳጥን ውስጥ ተጥሎ የነበረውን አሮጌ ራውተራችንን። ዲኤችሲፒ የሚለውን አጠፋን፣ አድራሻው ከዋናው ጋር እንዳይጋጭ ቀየርነው፣ ኬብሉን ከላን ቀዳዳዎቹ በአንዱ ሰካን፤ አለቀ። ሁላችሁም ቤት አንድ የተጣለ ራውተር አይጠፋም። ከቀናችሁ ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው።

መብራትንም አትርሱ። መብራት ሲሄድ ኢንተርኔቱ አብሮ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ራውተራችን ስለጠፋ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ራውተሮች በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት፤ ለነሱ ተብሎ የተሠራ ትንሽ ዩፒኤስ ገበያ ላይ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አስተያዩ። ፋይበር የያዛችሁ ደግሞ መስመሩን የሚቀበለው ሳጥን ከራውተሩ የተለየ ከሆነ፣ እሱም መብራት እንደሚፈልግ አትዘንጉ።

ፓስወርዱ የማን ነው?

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ግን ስለ ኬብል ልነግራችሁ ብቻ አይደለም።

አሮጌውን ራውተር ሰርቪሱ ውስጥ ሰክተን ስንጨርስ፣ ለመሞከር የቀረበኝ ስልክ እማዬን በቤት ሥራ የምታግዘው ልጅ ስልክ ነበር። ክፍሉ የሷ ነው። ቀን ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች። “እስቲ ዋይፋይ ክፈቺ” አልኳት።

“እኔ እኮ ፓስወርዱ የለኝም” አለች።

ሁለት ዓመት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኛ ጋር ኖራለች። እንግዳ ሲመጣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ፓስወርዱን እንነግረዋለን። የአጎቴ ልጆች በዓመት አንዴ መጥተው እንኳ ስልካቸው ከበር ራሱ ይያያዛል። እሷ ግን የማታ ትምህርቷን ቪዲዮ ለማየት ከደመወዟ የዕለት ጥቅል ስትገዛ ኖራለች። ማንም አልከለከላትም። ማንም ግን አልሰጣትም። እኔ የእህቴ ሰባት ደቂቃ አንገብግቦኝ ስድስት ወር ስጮህ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ዝም ብላ የኖረች ልጅ ነበረች።

ቆይቼ ሳስበው ነገሩ ከቡፌው ጋር አንድ ነው። ራውተሩን ሳሎን ያስቀመጥነው ቴሌቪዥኑ እዚያ ስለሆነ፣ እንግዳ እዚያ ስለሚቀመጥ ነው። ጥሩው ሲኒ፣ ጥሩው ወንበር፣ ጥሩው ሲግናል፣ ሁሉም ለሳሎን። ሥራ የሚሠራው፣ የሚጠናው፣ የሚለፋው ግን ጓዳና ጓሮ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ዋይፋዩ የማይደርስበት ቦታ የት እንደሆነ እዩ፤ እዚያ የሚተኛው ማን እንደሆነም እዩ። እኛ ቤት መልሱ አላማረኝም።

“ፓስወርድ ለሰው መስጠት አደጋ አለው” የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ለዚህም መላ አለው። የራውተሩን የውስጥ መግቢያ ፓስወርድ ከፋብሪካ ከመጣው “አድሚን” ቀይሩ። ደብልዩፒኤስ የሚለውን ዝጉ። ለእንግዳ “ገስት” የሚባለውን መስመር ክፈቱና ለየብቻ አድርጉ። ቤተሰብ ግን እንግዳ አይደለም፤ ቤታችሁ የሚኖርም እንግዳ አይደለም።

አቅራቢዎቹንስ ነጻ አወጣኋቸው?

አላወጣኋቸውም። መስመሩ በእውነት የሚበላሽባቸው ሰፈሮች አሉ፤ ለተከፈለበት ፍጥነት የማይደርስ አገልግሎትም አለ። የምለው፣ ስንጮህ ማስረጃ ይዘን እንጩህ ነው። ላፕቶፑን በኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አያይዙ፣ የሌላውን ሰው ስልክ ሁሉ አላቅቁ፣ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ለኩ፣ ስክሪንሾት አንሱ። አንድ ሳምንት እንዲህ አድርጋችሁ ቁጥሩ ከውላችሁ በታች ከሆነ፣ ያኔ “ችግር አይታየንም” የሚል መልስ አትቀበሉ። አቅራቢው ካልሰማችሁ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ የደንበኛን መብት ማስጠበቅ ሥራው ነው።

ቤት ለሚሠሩትም አንድ ቃል። ለመብራት ቱቦ ሲቀብሩ ለኢንተርኔት ኬብል አንድ ተጨማሪ ቱቦ በየክፍሉ ቢያሳልፉ ምን ይከብዳቸዋል? አዲስ አፓርታማ ገዝቶ በማግስቱ ግድግዳ የሚቦረቡር ሰው ማየት ሰልችቶናል። ቤት ልትገዙ ወይም ልትከራዩ ስትሄዱ ውሃና መብራት እንደምትጠይቁ ሁሉ “የኢንተርኔት ቱቦው የት ነው?” በሉ። ካልጠየቅን አይሠሩትም።

እህቴ አሁንም ሥራ እየፈለገች ነው። ቀጣዩ ቃለ መጠይቅ መቼ እንደሚመጣ አናውቅም፤ ሲመጣ ግን የፈለገችበት ክፍል ገብታ በሩን መዝጋት ትችላለች። ከሰርቪሱ ባለቤት ጋር ሰዓቱን ከተስማማች ማለቴ ነው፤ እሷም አሁን ማታ ማታ ክፍሉን ለጥናቷ ትፈልገዋለች።

ዳንቴሉ? እማዬ አልጣለችውም። አሁን ሪሲቨሩን አልብሳዋለች።